እናቷን ልታስታምም ደሴ የመጣች ባለ ግሪን ካርድ፦ የተቋረጠ የመኖሪያ ፈቃድ የተመለሰበት አንድ ጉዳይ

ለምን እንደጻፍኩት

የምሠራው ደሴ ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሰነድ እተረጉማለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ደብዳቤ አረቅቃለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። አብዛኛው የሚመጣልኝ ሰው ዲቪ የሚሞላ፣ ለዓረብ አገር ጉዞ ወረቀት የሚያስተረጉም ወይም የልደት ካርድ የሚያስመልስ ነው። ግሪን ካርዱን በእጁ ይዞ፣ ካርዱ ገና ሁለት ዓመት እየቀረው፣ «አትሄድም ተባልኩ» ብሎ የመጣ ሰው ግን ከዚህ በፊት አልገጠመኝም ነበር።

ባለጉዳይዋ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟንና ሰፈሯን፣ የሠራችበትንም ቦታ ትቻለሁ። እንደሷ ያሉ ሰዎች በወሎ ብዙ ናቸው። እናት ታማበት የመጣ አለ፣ አባት ሞቶበት የመጣ አለ። ከዚያ ኮሮናው፣ ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ ያስቀረው። ብዙዎቹ ካርዱ ሞቷል ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቲኬት ይቆርጣሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

መነሻው

አሜሪካ የገባችው በነሐሴ 2006 በዲቪ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከአጎቷ ልጅ ጋር ትኖር ነበር። አረጋውያንን የምትንከባከብ ሠራተኛ ነበረች። አምስት ዓመት ተኩል ሠራች። ግብር በየዓመቱ አሳወቀች።

ከ2011 ጀምሮ ለዜግነት ማመልከት ትችል ነበር። አላመለከተችም። የእንግሊዝኛው ፈተና ያስፈራት ነበር። ይበልጥ ያስጨነቃት ግን የእናቷ ቤት ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ፣ ዜግነት ብቀይር የውርስ ነገር ይበላሽብኛል ብላ አሰበች። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ እንዳለና ምን እንደሚፈቅድ የነገራት ሰው አልነበረም። ይቺ ፍርሃት ኋላ ብዙ አስከፈለቻት። ዜጋ የሆነ ሰው አሥር ዓመት ውጭ ቢቀመጥ የሚጠይቀው የለም።

በጥር 2012 እናቷን ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። እሷም የካቲት 2012፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2020፣ የደርሶ መልስ ቲኬት ቆርጣ መጣች። መመለሻው ሚያዝያ ነበር። ከመሥሪያ ቤቷ የሁለት ወር ፈቃድ በጽሑፍ ይዛለች። ልብሷ፣ መኪናዋ፣ አልጋዋ እዚያው አጎቷ ልጅ ቤት ነው የቀረው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። በሚያዝያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነበርን። ቲኬቷን ወደ ጥቅምት 2013 አሸጋገረች። መስከረም ላይ እናቷን ሁለተኛ ስትሮክ መታቸው። ከዚያ በኋላ ካልጋ አልተነሡም። ሰው አገላብጧቸው፣ ሰው አጉርሷቸው ነው የሚውሉት። በዚህ መሃል የካቲት 2013 መጣና ሄደ። አንድ ዓመቷ ሞላ። አላወቀችም። ካርዱ ላይ «2024» የሚል ተጽፎበታል፤ እሷም እሱን ነበር የምታየው።

ወልድያ ታናሽ እህት አለቻት። በክረምቱ ልጆቿን ይዛ ደሴ ልትመጣና እናታቸውን ልትረከብ ተስማሙ። ባለጉዳይዋ ለነሐሴ 2013 አዲስ ቲኬት ቆረጠች። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ወልድያ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። መንገዱም ስልኩም ተቋረጠ። እህቷ በሕይወት መኖሯን የሰማችው ከአራት ወር በላይ ቆይታ ነው።

ከጥቅምት 20 ቀን 2014 ጀምሮ ባሉት ቀናት ደሴና ኮምቦልቻም ተራቸው ደረሰ። ከተማው በሐረጎ በኩል ቁልቁል ፈሰሰ። መኪና ያገኘ በመኪና፣ ያላገኘ በእግሩ። እሷ አልሄደችም። አልጋ ላይ ያሉ እናቷን በምን ትሸከማቸው? መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። ከተማዋ በመንግሥት እጅ የተመለሰችው ኅዳር 27 ነው። እናቷ ግንቦት 2014 አረፉ።

ችግሩ የተገለጠበት ቀን

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ሐምሌ 2014፣ አዲስ አበባ ወርዳ ቦሌ ቀረበች። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርቷን ገለጥ ገለጥ አድርጎ የመግቢያ ማኅተሙን ቀን አየ። «ከወጡ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኗል፤ በዚህ ካርድ ልናሳፍርዎ አንችልም» አላት። ሻንጣዋን ይዛ ወደ ደሴ ተመለሰች።

ሠራተኛው የተናገረው ደንቡን ነው። ግሪን ካርድ እንደ መግቢያ ሰነድ የሚያገለግለው ውጭ የቆዩት ከአንድ ዓመት በታች ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ለመቆየት ያሰበ ሰው ሳይወጣ በፊት በቅጽ አይ-131 የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ፈቃዱ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ማመልከት የሚቻለው ግን እዚያው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ብቻ ነው። ደሴ ተቀምጦ የሚሆን ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አይምታታ። ካርዱ መግቢያነቱ አበቃ ማለት መብቱ ሞተ ማለት አይደለም። ቋሚ ነዋሪነት ቀን ስለተቆጠረ ብቻ በራሱ አይሰረዝም። ሰውየው ራሱ ቅጽ አይ-407 ፈርሞ ሊለቀው ይችላል። ካልፈረመ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ነዋሪነቱን ትቷል የሚለውን የማስረዳት ሸክም ደግሞ የመንግሥት ነው። የሷ ችግር እዚያ ድረስ የሚያደርሳት አውሮፕላን ማጣቷ ነው።

ደሴ ስትመለስ መካሪ በዛ። አንድ ደላላ በሌላ አገር አሻግሬ በየብስ አስገባሻለሁ ብሎ ገንዘብ ጠየቃት። ሌላ ሰው ካርዱን ደብቀሽ የጉብኝት ቪዛ ጠይቂ አላት። ለደላላው ቀብድ ልትከፍል አንድ ቀን ሲቀራት ጎረቤቷ እጇን ይዛ ወደኔ አመጣቻት። «አብሽሪ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ይታይ» ነበር ያለቻት ጎረቤቷ። ያቺን ሴት እስካሁን አመሰግናታለሁ።

የመረጥነው መንገድ

የአጎቷ ልጅ አሜሪካ ካለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር የአንድ ሰዓት ምክር ከፈለላት። በስልክ ነው፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ጠበቃው የጉብኝት ቪዛውን ሐሳብ ወዲያው ዘጋው። ነዋሪ ነኝ የሚል ሰው እንግዳ ነኝ ብሎ ሲያመለክት በራሱ ላይ እየመሰከረ ነው። ቤተሰብ ይጠይቅላት እንዳይባል ደግሞ ዜጋ የሆነ ባል፣ ልጅ ወይም ወላጅ የላትም። የአጎት ልጅ መጠየቅ አይችልም።

የቀረው ኤስቢ-1 የሚባለው የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ነው። ማመልከቻው ዲኤስ-117 ይባላል። ቅጹ አጭር ነው። ክፍያው 180 ዶላር ነበር፤ ባይሳካም አይመለስም። ጉዞው ከመታሰቡ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ መቅረብ አለበት። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። ስትወጪ ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ ነበርሽ ወይ? ስትወጪ ለመመለስ አስበሽ ነበር ወይ፣ ሐሳቡንስ እስከዛሬ አልተውሽውም ወይ? የቆየሽው ከአቅምሽ በላይ በሆነና አንቺ ባላመጣሽው ምክንያት ነው ወይ?

የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ካርዱ አለ፣ ማኅተሙ አለ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው ወራት የፈጀነው።

ጠበቃው አንድ ነገር አስጠነቀቀን። «ጦርነቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱ አያስቸግራችሁም። የሚያስቸግራችሁ ከጦርነቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ከሚያዝያ 2012 እስከ ሐምሌ 2013 ደሴ ሰላም ነበረች። በረራውም ለዘለቄታው አልቆመም። ደንቡን አላውቅም ነበር ማለት ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት አይባልም። ያንን ክፍተት በወረቀት መሙላት ነበረብን።

የብስኩት ቆርቆሮው

የእናቷን የሕክምና ፋይል ፍለጋ ሆስፒታል ሄድን። በጦርነቱ ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፏል። ፋይሉ አልተገኘም። ያን ቀን ተስፋ ቆርጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ክዳኑ የዛገ፣ ክብ ቆርቆሮ ነው። እናቷ የመድኃኒት ወረቀት አይጥሉም ነበር። የቀጠሮ ካርድ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የፋርማሲ ደረሰኝ፣ ሁሉንም እዚያ ውስጥ ያጠራቅሙ ነበር። ቤቱ ሲፈተሽ ቆርቆሮውን ከፍተው፣ ወረቀት መሆኑን ሲያዩ መሬት ላይ ዘርግፈውታል። እሷ አንድ በአንድ ለቅማ መልሳዋለች። የመስከረም 2013ቱ ማዘዣ ላይ የጫማ ዳና አለ። የሐኪሙ ፊርማና ቀኑ ግን ከዳናው በላይ በግልጽ ይነበባል።

ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋናቸው። ሠላሳ አራት ወረቀት ነበር። በየወሩ ደረደርናቸው። ከሚያዝያ 2012 እስከ ሐምሌ 2013 ወረቀት የሌለው ሁለት ወር ብቻ ሆነ። ዳና ያለበትን ማዘዣ በንጹሕ ላስገልብጠው ብላ ጠይቃኝ ነበር። እንዳለ ይቅረብ አልኳት። የተገለበጠ ወረቀት ምስክርነቱ ይቀንሳል።

ስድስት የፋርማሲ ደረሰኞች ላይ የተጻፈው የሷ ስም ነው፤ ገዢዋ እሷ ስለሆነች። ያ ትልቅ ነገር ሆነ። እናት መታመማቸውን ብቻ ሳይሆን አስታማሚዋ እሷ መሆኗን ይናገራል።

ወረቀታችን ለሌላ አንባቢ

አሁን ወደ ስህተቶቻችን ልምጣ። ከዚህ ጉዳይ አብዝቼ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀበሌ ሄዳ ደብዳቤ አጻፈች። ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ አምሮ ተጽፏል። «ግለሰቧ በቀበሌያችን ቋሚ ነዋሪ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል። እኛ ስናነበው ደግ ቃል ነው። ኤምባሲ የሚያነበው ሰው ግን ምን ያያል? የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ነኝ የምትል ሴት፣ የደሴ ቋሚ ነዋሪ መሆኗን በማኅተም አስረድታ መጣች። በገዛ እጇ ጉዳይዋን ልትቀብረው ነበር።

ጸሐፊው ልጅ ክፉ አልነበረም። «ፎርማቱ ይሄ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ነበር መልሱ። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰው ኃላፊ ነገሩን ሰምተው እውነቱን እንዳለ አጻፉት። ልጅቱ ነዋሪነቷ ውጭ አገር መሆኑን፣ የታመሙ እናቷን ለማስታመም መጥታ በእናቷ ቤት መቀመጧን፣ በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ውስጥ እንደነበረችና እናቷ በየትኛው ቀን እንዳረፉ። አራት መስመር ናት። የጉዳዩ ምርጥ ወረቀት ሆነች።

የቀበሌ መታወቂያም ነበራት። ነሐሴ 2013 ያወጣችው ነው፤ ያን ጊዜ በየኬላው መታወቂያ ይጠየቅ ነበር። እንደብቀው የሚል ሐሳብ ተነሣ። እኔ አልተስማማሁም፣ ጠበቃውም አልተስማማም። በመግለጫዋ ውስጥ መቼና ለምን እንዳወጣችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለሱ አልተጠየቀችም።

ሁለተኛው ስህተት የኔ ነው። የቀበሌውን ደብዳቤ ስተረጉም «ኅዳር 2014» የሚለውን ወሩን ብቻ ቀይሬ «ኖቬምበር 2014» ብዬ ጻፍኩት። ዓመቱን እንዳለ ተውኩት። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2014 እሷ አሜሪካ ከገባች ገና ሦስት ወሯ ነው። ወረቀቱ እንዳለ ቢቀርብ ኖሮ፣ ገና በሦስተኛ ወሯ ደሴ ተመልሳለች ማለት ይሆን ነበር። ማታ ሁለተኛ ሳነበው ነው ያየሁት። ላቤ መጣ።

ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። በግራ የኛ ቀን፣ በቀኝ የፈረንጅ ቀን፣ መሃል ላይ ምን እንደሆነ። እያንዳንዱ ትርጉም ከዚያ ገጽ ጋር ተመሳከረ። ወሩን ብቻ መቀየርም አይበቃም። የኛ ኅዳር በኖቬምበር ተጀምሮ በዲሴምበር ያልቃል። ቀኑ ራሱ መሰላት አለበት።

ሦስተኛው የሷ ደብዳቤ ነው። በእጇ ሦስት ገጽ ጽፋ መጣች። ስለ ለቅሶ፣ ስለ ረኀብ፣ ሌሊት ስለሚሰማው ከባድ መሣሪያ። እያነበብኩ አልቅሻለሁ። ግን ሦስት ገጹን ሙሉ አንድ ቀን አልተጻፈበትም። ቲኬት የሚል ቃል የለውም። ያንን ደብዳቤ ለልጆቿ እንድታስቀምጠው መከርኳት። ለማመልከቻው ገጽ ተኩል አዲስ ጻፍን። መቼ ወጣሁ፣ መቼ ልመለስ ነበር፣ ለምን አልተመለስኩም፣ ቀጥሎ መቼ ሞከርኩ፣ ለምን አልሆነም። የጦርነቱ ወራት አንድ አንቀጽ ብቻ ያዙ።

አሜሪካ ውስጥ የቀረው

ለመመለስ ማሰቧን ያስረዳው ደሴ ያለው ወረቀት ብቻ አይደለም። ሦስት ቲኬቶች ነበሩ። የሚያዝያ 2012፣ የጥቅምት 2013፣ የነሐሴ 2013። ወረቀቶቹ በዘረፋው ጠፍተዋል፤ ግን ቲኬት የቆረጠላት ወኪል ኢሜይሎቹ አሉት። በሦስተኛው ቲኬት ብትቀርብም አይሳፈሩም ትባል ነበር፤ ዓመቱ አልፏል። ቢሆንም ገንዘብ ከፍላ ቀን መቁረጧ ሐሳቧን ይናገራል።

የመሥሪያ ቤቷ የፈቃድ ደብዳቤ ከአጎቷ ልጅ ቤት ተገኘ። የባንክ ሒሳቧ ክፍት ነበር። ስልኳን በትንሹ ክፍያ አቆይታዋለች። የአጎቷ ልጅ፣ ክፍሏ እንዳለ መሆኑን በኖተሪ ፊት ፈርሞ ላከ።

የግብሩ ነገር ግን አስደነገጠን። በፈረንጆቹ የ2020ን ግብር አላሳወቀችም። ከመውጣቷ በፊት ባሉት ሳምንታት ደመወዝ ተከፍሏታል። ሜሪላንድ ያለ ግብር ሠሪ «አገር ውስጥ ስላልነበረች ነዋሪ ባልሆኑ ሰዎች ቅጽ እንጨርሰው» ብሎ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ነበር። ያ ቅጽ 1040ኤንአር ነው። ነዋሪ አይደለሁም ብሎ ግብር ማሳወቅ መኖሪያን እንደመተው ማስረጃ ይቆጠራል። ጠበቃው በስልክ አስቆመው። በተለመደው የነዋሪ ቅጽ 1040 ዘግይቶ ገባ። መዘግየቱን አልደበቅንም።

ቃለ መጠይቁና ውጤቱ

ዲኤስ-117 የገባው ኅዳር 2015 ነው። ጥር ላይ አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሌሊቱን በአውቶቡስ ስታስበው አድራለች። የተጠየቀችው ጥቂት ነው። መቼ ወጣሽ? በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ለምን አልተመለስሽም? አሜሪካ ምን አለሽ?

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ማዘዣዎቹና ደረሰኞቹ በወር በወር ተደርድረው ቀረቡ። የተዘረፈው ቤት ፎቶዎች አብረው ነበሩ፤ ብዙም አልታዩም። የጦርነቱ ጊዜ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ መጣ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ አስቸኳይ ሥራ የሌላቸው የኤምባሲ ሠራተኞች እንዲወጡ አዝዞ ስለነበር፣ ያንን ለማስረዳት ብዙ መድከም አላስፈለገም።

ተጨማሪ ማስረጃ ተጠየቀች። ያቺ ወረቀት የሌላት የሁለት ወር ክፍተት ናት። እናቷን ቤት ድረስ እየመጣ እጅና እግራቸውን ያንቀሳቅስ የነበረ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አፈላልገን አገኘን። ኮምቦልቻ ሥራ ቀይሮ ነበር። በማስታወሻ ደብተሩ የመጣበትን ቀን ይመዘግብ ኖሯል። ቀኖቹን ጠቅሶ ደብዳቤ ጻፈልን።

መጋቢት 2015 የተመላሽ ነዋሪነቷ ተቀባይነት አገኘ። ይህ ቪዛው አይደለም፤ ቪዛ የመጠየቂያ በር ነው። ቀጥሎ ዲኤስ-260 ተሞላ፣ የቪዛ ክፍያ ተከፈለ፣ ኤምባሲው በሚያውቀው ሐኪም ምርመራ ተደረገ፣ የፖሊስ ማስረጃ ወጣ። ፓስፖርቷም ጊዜው አልፎበት ስለነበር ማሳደሱ ለብቻው ወራት በላ። ሰኔ 2015 በረረች።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰላትም። ለዜግነት ያጠራቀመችው ዓመት ተቋርጧል። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው ከተመለሰ በኋላ አራት ዓመት ከአንድ ቀን መጠበቅ አለበት። እሷ ማመልከት የምትችለው ሰኔ 2019 ላይ ነው። ቀኑን ስልኳ ላይ መዝግባዋለች።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ይህ መንገድ ለሁሉም አይከፈትም። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ቤት ሠርቶ፣ ንግድ ከፍቶ፣ ልጆቹን እዚህ ትምህርት ቤት አስገብቶ ሦስት ዓመት የቆየ ሰው «ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው» ቢል የሚያምነው አያገኝም። ለንደዚህ ዓይነት ሰው ገንዘቡን እንዳያባክን በግልጽ እነግረዋለሁ። የሚወዷቸውን ማስታመምም ብቻውን አይበቃም። ሌላ ሰው ሊተካ ሞክሮ እንዳልተቻለ መታየት አለበት። በኛ ጉዳይ ያንን ያሳየው የወልድያዋ እህት ታሪክ ነው።

ገና ያልወጣ ሰው ካለ፣ ወላጁ ታሞ በድንገት የሚመጣም ቢሆን፣ የመመለሻ ፈቃዱን አመልክቶ ይምጣ። አሻራ የሚሰጥበት ቀጠሮም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ስለሆነ ቀኑን ጠይቆ ይውጣ። ትንሽ ቢያዘገየውም ይሻላል። የዜግነት ጊዜው የደረሰ ደግሞ አይተኛ።

ወጥቶ የቆየ ሰው ወረቀቱን ከዛሬ ጀምሮ ያስቀምጥ። የፋርማሲ ደረሰኝ ሲቀበል ስሙን ያስጽፍ። ቲኬት ሲያሸጋግር ኢሜይሉን አያጥፋ። ከቀበሌም ከሆስፒታልም ደብዳቤ ሲያጽፍ፣ እንግሊዝኛውን የሚያነበው ሰው ምን እንደሚረዳ አስቀድሞ ያስብ። ማንም ሰው ቅጽ አይ-407 ፈርም ቢለው፣ ምን እንደሚፈርም ሳያውቅ አይፈርም፤ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት አለው።

ከሷ በኋላ አራት ሰዎች መጥተውልኛል። ሁለቱን ተስፋ እንደሌላቸው ነግሬ መልሻለሁ። አንዷ አሁን በሂደት ላይ ናት። አራተኛው የሐይቅ ከተማ ሰው ነው፣ አባቱን ቀብሮ የቀረ። ዲኤስ-117 ሙላልኝ ብሎ ነው የመጣው። ፓስፖርቱን ገልጬ ቀኑን ቆጠርኩ። ከወጣ አሥራ አንድ ወር ከአምስት ቀን ሆኖታል። ዓመት አልሞላውም። ካርዱ ገና ይሠራል። ድንበር ላይ ለምን እንደቆየ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ የአባቱን የሞት የምስክር ወረቀት ብቻ ተርጉሜ ሰጠሁት። የውርሱን ጉዳይ ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ በሚቀጥለው ሳምንት ሄደ።